የስምንተኛው ሳምንት አጥንት

ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ አቶ ዳኛቸው ወልደሰንበት ዛሬ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሳንሱሲ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ የግራ እግራቸውን ካልሲ ያለ ማንም ድጋፍ በራሳቸው እጅ አጥልቀዋል። ሥነ ሥርዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቷል። የካልሲው ተረከዝ ወደ ላይ መዞሩ ከታወቀ በኋላም ውጤቱ ጸንቷል።

ነዋሪው በዜናው የተለየ መነቃቃት አላሳየም። ባለቤቱ ዘመነች ብቻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትታዘበው ነበር።

"የዳነ እግር እንዲህ ያስጨንቃል እንዴ ዳኙ?"

"ልማድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የተኛ እግር ይሰንፋል።"

"ጌታ የጀመረውን ይጨርሳል።"

"አሜን" አለ ዳኛቸው፣ ካልሲውን እያየ።

ዳኛቸው የጣሪያ ውሃ መውረጃ አሸንዳ ገጣሚ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳ ላድርስ የሚለው ሰው ሁሉ በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ ቤቴል ውስጥ ከአንድ ጣሪያ ወርዷል። መሰላሉን ሳይጠቀም ነው የወረደው። የግራ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰበረ። የሆስፒታሉን ስም መጥራት ስለማያስፈልግ እንለፈውና፣ እዚያ ጀሶ አደረጉለት፤ ጀሶው ሳይደርቅ ዶክተር ሩሃማ ወረቀት ይዛ መጣች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጥንት እንዴት እንደሚሠራና ከተሰበረ በኋላ ራሱን እንዴት እንደሚተካ ታጠናለች። ፈቃደኛ ከሆነ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ክኒን ይወስዳል፣ በየአራት ሳምንቱ ራጅ ይነሳል።

"ክኒኑ ከሁለት አንዱ ነው" አለችው። "አንዱ ቫይታሚን፣ አንዱ ባዶ። የትኛው እንደደረሰዎት እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?"

"ኮምፒውተሩ።"

ዳኛቸው ይህን ሲሰማ ጥናቱን አከበረው። ልጅቷን ደግሞ ወደዳት፤ ቁጭ ብላ ያስረዳችው የመጀመሪያዋ ሐኪም ነበረች። የተሰበረ አጥንት መጀመሪያ ለስላሳ ነገር ያበቅላል፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለጠጥ። ከዚያ ያ ልስላሴ ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ ስብራቱ ዙሪያ ያብጣል፤ እብጠቱን ሰውነት ራሱ በወራትና በዓመታት እየጠረበ ያስተካክለዋል። "ግንበኛውም፣ አፍራሹም፣ ተቆጣጣሪውም ራሱ አጥንቱ ነው" አለችው። ዳኛቸው በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ተቋራጭ አጋጥሞት አያውቅም።

"ሠላሳ ሰው መዝግቤ ዘጠኙ ጠፍተውብኛል" አለች በመጨረሻ። "እርስዎ እንዳይቀሩብኝ። አደራ።"

አደራ የሚለው ቃል በጥናቱ ሰነድ ውስጥ አልነበረም። ነገሩን ያበላሸው ግን ይህ ቃል ነው።

ዳኛቸው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነው። ቀብር በመጣ ቁጥር መዝገቡን ይዞ ይቆማል። ሳያስፈቅድ የጠፋ አባል ስሙ ትይዩ "ቀሪ" ተብሎ ይጻፍበታል፣ ይቀጣል። ወንድሙን ወይም ልጁን የላከ "ተወክሏል" ይባላል፤ እንደመጣ ይቆጠርለታል፣ ማንም አይቀየመውም። ዳኛቸው ዓለም ሁሉ በዚህ ደንብ የሚሄድ ይመስለው ነበር።

የስምንተኛው ሳምንት ቀጠሮ ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ወረደ። ከቤቱ እስከ ታክሲ ፌርማታው ያለው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ጭቃና ድልድይ የሌለው ቦይ ሆኗል። በክራንች መሻገር ሌላውን እግር በምርቃት መስበር ነበር። ስለዚህ ወንድሙን ባሮክን ጠራው። ባሮክ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አስኮ ሞባይል ይጠግናል፣ ሁለት ጤነኛ እግር አለው።

"ሂድና ወክለኝ" አለው ዳኛቸው።

"ኧረ ወንድምዓለም፣ እግር እንዴት ነው የሚወከለው?"

"ካርዱን ትሰጣቸዋለህ። ተኛ ያሉህ ቦታ ትተኛለህ። ፈርመህ ትመጣለህ። ልጅቷ ቀረ ብላ አንጀቷ እንዳያር ነው።"

ጀሶው ከሳምንት በፊት ተፈትቶ በምትኩ የሚታሰር የፕላስቲክ መደገፊያ ተሰጥቶት ነበር። ባሮክ ዘመነች ሳታይ መደገፊያውን ጤነኛ እግሩ ላይ አስሮ ሄደ። ታክሲ ውስጥ የፊት ወንበር ለቀቁለት፤ ሳይከፋው ተቀመጠ። ሩሃማ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበረች። ራጅ ክፍል ካርዱን እንጂ ፊቱን ያየ አልነበረም። ባሮክ ተኛ፣ ተነሳ፣ በዳኛቸው ስም ትይዩ ፈረመ፣ ሲመለስ በቆሎ ገዝቶ እየጋጠ መጣ።

በማግስቱ ሩሃማ ስልክ ደወለች። ያነሳችው ዘመነች ናት፤ ስፒከር ላይም አደረገችው።

"አቶ ዳኛቸው፣ አጥንትዎ እኮ ተአምር ነው! ስብራቱ የት እንደነበረ እንኳን አይታይም። እብጠት የለ፣ መስመር የለ! ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ከወንበራቸው ተነሱ!"

ሩሃማ ኮምፒውተሯ ላይ የምታየው አጥንት ጤነኛ አጥንት ይመስል ነበር። ይህም የሆነው ጤነኛ አጥንት ስለነበረ ነው። ዳኛቸው አፉን ከፈተ። ዘመነች ግን ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው።

እሑድ ዘመነች ቸርች ቆማ መሰከረች። ሰኞ የሰፈሩ ወጌሻ ጋሽ ከሊፋ፣ በሰኔ አንድ ቀን በጀሶው ላይ እጃቸውን አሳርፈው እንደነበር ለጎረቤቱ አስታወሱ። ማክሰኞ ፕሮፌሰሩ ፊልሙን ለውጭ አገር ጉባኤ ማዘጋጀት ጀመሩ። ለአንድ አጥንት ሦስት ባለቤት ተገኘለት። አጥንቱ የራሱ የሆነው ባሮክ ብቻ አልተጠየቀም።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የመጨረሻው ራጅ። እቅዱ የባሮክ ነበር። ሽንት ቤት ገብተው መደገፊያውን ይቀያየራሉ፣ ባሮክ ራጁን ይነሳል፣ ከዚያ ዳኛቸው ዶክተሯ ዘንድ ገብቶ ተሰነባብቶ ይወጣል። "የጀመርነውን መጨረስ ነው" ብሏል ባሮክ። "ሁለት ፊልም አንድ ዓይነት ከሆነ ማን ይጠይቃል?"

ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዳኛቸው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነበር፤ የቀኝ እግሯ ላይ እንደ እሱ ያለ መደገፊያ ታስሯል። አልፊያ እባላለሁ አለችው ሳይጠይቃት። አስኮ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ባጃጅ ተገልብጦባት ነው።

"ወንድሜ፣ አንተም የአጥንቱ ጥናት ነህ?"

"ነኝ።"

"ስንተኛ ሳምንት?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሁንም በክራንች? አይ፣ አንተስ ሰነፍ ነህ!" ሳቀች። "ዶክተሯ ያሳየችኝን ፊልም ብታይ። የአንድ የሳንሱሲ ሰውዬ ነው አሉ። በስምንት ሳምንት ጭራሽ እንዳልተሰበረ! እኔም ዛሬ ስምንት ሞላኝ።"

ባሮክ አንገቱን ወደ ስልኩ ቀበረ።

"ታዲያ?" አለ ዳኛቸው።

"ታዲያማ ይሄን ብረት ለማን ብዬ ነው የምሸከመው? መደቤ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣበታለች። ዛሬ ክራንቹን ለጥበቃው ሰጥቼው ነው የምሄደው።"

"ዶክተሯ ጣይው አለችሽ?"

"እሷማ ጠብቂ ነው የምትለው። ሐኪም መቼ ጠብቂ ሳይል ይውላል? እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ስትረግጪው ያምሻል?"

"ነፍሴን ነው የሚያወጣው" አለች፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትናገር። "ማታ ማታ እያለማመድኩት ነው። ጥርሴን ነክሼ ከአልጋ እስከ በር። ትናንት አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሰውዬው ችሎት የለ? እኔ ምን ሆንኩና ነው የማልችለው?"

ዳኛቸው እግሩን አየ። ባለፈው ሳምንት እሱም ሞክሮ ነበር፤ ዘመነች ገበያ በሄደችበት፣ ሁለት እርምጃ። የጠረጴዛውን ጠርዝ የያዘበት ቦታ ላብ ቀርቶበታል። ሰውዬው አልቻለውም። ሰውዬው እንኳን ሊችለው፣ ካልሲ ለማጥለቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን ለመናገር አንድ አረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ከአረፍተ ነገሩ ኋላ ግን ዘመነች ማይክ ይዛ ቆማ ታየችው።

"እህቴ፣ እንዳትጥዪው" አለ ብቻ።

"ለምን?"

"ዳኛቸው ወልደሰንበት!" አለ ራጅ አንሺው በበሩ ብቅ ብሎ።

ባሮክ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "መጣን! አንዴ ሽንት ቤት ደርሰን..." ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ። "ፍታው፣ ፍታው ቶሎ።"

ዳኛቸው ክራንቹን በባሮክ ጉልበት ፊት አጋደመው።

"ተቀመጥ።"

"ምን ሆነሃል?"

"ተቀመጥ አልኩህ።"

"አንተ ከገባህ ሁሉም ነገር ይታያል እኮ! ዘመነችስ? ቸርቹስ? እኔንስ ሐሰተኛ ብለው ቢያስሩኝ?"

"ሞባይልህን ጠግን" አለና ዳኛቸው ተነሳ። እስከ ራጅ ክፍሉ በር አሥራ አራት እርምጃ ነበር። አልፊያ እርምጃውን ቆጠረችለት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶክተር ሩሃማ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ፊልሞች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። የስምንተኛው ሳምንት አጥንት ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። የአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አጥንት መሐሉ ላይ ሰያፍ መስመር አለው፤ በመስመሩ ዙሪያ ለማጅ ግንበኛ የለጠፈው ጭቃ የመሰለ እብጠት።

ሩሃማ ወንበሯን ወደፊት ሳበች፣ ወደኋላ ሳበች።

"ወድቀው ነበር?"

"አልወደቅኩም።"

"አዲስ ስብራት አይደለም፣ ይሄ የሦስት ወር እብጠት ነው። ለብቻው ባየው፣ በሚገባ እየዳነ ነው፣ ክራንቹን ገና አይጣሉ ነበር የምለው። ግን እኮ ከአራት ሳምንት በፊት ይሄ ሁሉ አልነበረም!" ፊቷን አሸች። "አጥንት ወደኋላ አያድግም አቶ ዳኛቸው። ምናልባት ክኒኑ... አይ፣ ክኒኑም ቢሆን... ፕሮፌሰሩን ምን ልበላቸው? ፊልሙን ለጉባኤው የሚልኩት ቅዳሜ እኮ ነው።"

"ቅጹን አምጪልኝ" አለ ዳኛቸው።

"የቱን ቅጽ?"

"የመጣሁ ቀን የሚፈረምበትን።"

ሰጠችው። ስሙ ትይዩ ሦስት ፊርማ አለ፤ ሁለቱ የእሱ፣ አንዱ የባሮክ። የባሮክ ፊርማ ጭራው ረዝሞ ከሳጥኑ ወጥቷል። ዳኛቸው ከጃኬቱ ኪስ የእድሩን እስክሪብቶ አወጣ። በስምንተኛው ሳምንት ፊርማ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ ከላዩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በተገራ እጅ ጽሑፍ፣ ጻፈ፦ ቀሪ።

ሩሃማ ቅጹን አንስታ አነበበች። ወደ ልሙጡ አጥንት ዞረች። እንደገና ወደ ቅጹ።

"ቀሪ ማለት? ፊልሙ እኮ ይኸው! ካርድዎ ተመዝግቧል፣ ፈርመዋል..."

"ሰርዢው። ውጪ ያለችውን ሽንኩርት ነጋዴም ጥሪያትና የዛሬውን ፊልሜን አሳያት። የሳንሱሲው ሰውዬ ይሄ ነው በያት። ክራንቿን ለጥበቃው ልትሰጥ ነው።"

"ይሄ ፊልም ከተሰረዘ እኮ እርስዎም ከጥናቱ ይወጣሉ። ሃያ አንድ ሰው ነው የቀረኝ፤ ሃያ ልሆን ነው።"

"ሃያ ሁኚ።"

እስክሪብቶውን ከደነና ኪሱ ከተተው። ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገብቶ ተነሳ። ሩሃማ በጣቷ ልሙጡን አጥንት ነካች፣ የሚመልስላት ይመስል።

"እሺ ቀሪ ይሁኑ" አለች ቀስ ብላ። "ታዲያ ይሄ የማን እግር ነው?"

"አልናገርም" አለ ዳኛቸው።