የአሬራ ምትክ

ከሶቪየት ኅብረት፣ ከካርኮቭ ከተማ የተመለስኩት በ1974 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ዓመት የምግብ ቴክኖሎጂ ተምሬ አንድ ዲፕሎማ፣ አንድ የቆዳ ካፖርትና አንድ ብልቃጥ ይዤ መጣሁ። ዲፕሎማውን መሥሪያ ቤቴ አየልኝ። ካፖርቱን ፀሐይ ሲወጣም ስለማላወልቀው ፒያሳ በሙሉ አየልኝ። ብልቃጡን ግን ማንም አላየልኝም፤ እሱ ይቆጨኝ ነበር።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው እዚያ ከፊር የሚሉትን እርጎ የሚያረጋው ጓል ነው። መልኩ የአበባ ጎመን ቁርጥራጭ ይመስላል። ወተት ውስጥ ሲያድር ወተቱን ያረጋዋል፤ የረጋው ተጠልሎ ይጠጣል፣ ጓሉ ደግሞ አዲስ ወተት ውስጥ ይመለሳል። የሰጡኝ በተማሪዎች ማደሪያ ጽዳት ሠራተኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። አያያዙን ሲያስረዱኝ ግማሹን አልሰማኋቸውም። ከጽዳት ሠራተኛ የምማረው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያ ወቅት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ የምሄደው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ኬክ ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ የሺዓለም ይባላሉ። ወጣት ሳሉ አንድ ግሪክ ቤት ተቀጥረው ኬክ መጋገር ተማሩ፤ ግሪኩ አገር ለቆ ሲሄድ የራሳቸውን ከፈቱ። የታወቁት በአሬራ ኬክ ነው። ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አሬራ ከዱቄቱና ከሶዳው ጋር ሲመቱት ኬኩ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። እኔ ግን የምሄደው ለኬኩ አልነበረም። አዳነች የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ታስተናግዳለች። ስለ ካርኮቭ ለእናትየው የማወራ እየመሰልኩ የማወራው ለእሷ ነበር። እሷ ብርጭቆዋን ታጥባለች። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊው እሸቴ ወሬዬን ሰምቶ ሰምቶ “ጓድ እርጎ” የሚል ስም አወጣልኝ፤ በሳምንቱ ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ የማያውቀው ሰው አልነበረም።

አሬራውን የምታመጣላቸው ከሪማ የምትባል ነጋዴ ነበረች። በዚያ ዓመት መስቀልና አረፋ ተገናኙና ጉራጌ የተባለ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አገሩ ገባ። ከሪማም ሄደች፤ ወር ሳይሞላ እንደማትመለስም ተናግራ ነበር። እትዬ የሺዓለም ደግሞ መስከረም ሃያ ሦስት እሑድ ለአንድ ጎረቤት ክርስትና ኬክ ሊያቀርቡ ቃል ገብተዋል። ወተት ከተሰለፉ ይገኛል፣ አሬራ ግን በሰልፍም የለም። ወተት ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበትስ ብለው ሲያስቡ እኔ ደረስኩ።

አዳነች እየሰማች ነው። እናም ሎሚ የመሃይም ዘዴ መሆኑን በትህትና አስረዳሁ። ቃሉን እንኳ በቀጥታ አልተናገርኩም፤ “ኋላ ቀር አሠራር” ነው ያልኩት። አሬራ ኬክን የሚያለሰልሰው በኮምጣጣነቱ ከሶዳው ጋር እየተዋጋ መሆኑን፣ ከፊር ደግሞ በዚህ ረገድ የአሬራ ታላቅ ወንድም መሆኑን ተነተንኩ። ትንተናው ረዘም ያለ ነበር። በመካከሉ ሁለት ደንበኞች ሒሳብ ከፍለው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ “የመስክ ሥራ” ብዬ ፈርሜ፣ ብልቃጤን በካፖርቴ ሸፍኜ መጣሁ። እትዬ የሺዓለም ክዳኑን ከፍተው አዩና ይኼ ነገር ነፍስ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ነፍስ አለው አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ።

ኃይለኛ እንዲሆን ብዬ ከፊሩን አራት ቀን አቆይቼው ነበር። መጀመሪያ ሙቀቱ መስተካከል አለበት አልኩና እሳት ላይ ጣድኩት። አፍታም ሳይቆይ ተበጣጥሶ አይብ ለብቻው፣ አጓት ለብቻው ሆነ። የሚጠበቅ ነው አልኩ። አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ የኮምጣጣነቱን መጠን አሰላሁና ሶዳው እጥፍ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። እትዬ የሺዓለም ማንኪያውን ይዘው ትንሽ አመነቱ፤ የተማረ ሰው መቃወም አልሆነላቸውምና ጨመሩት።

ኬኩ ምድጃ ውስጥ ሲነሳ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከመጋገሪያው አፍ በላይ ወጣ፣ ወደ ጎን ፈሰሰ፣ ከዚያ እንደተቀመጡበት ትራስ መሃሉ ተኛ። ሲወጣ ቀለሙ የቆየ ጋዜጣ ይመስላል። እትዬ የሺዓለም ቆርሰው አፋቸው አደረጉና ውኃ ፈለጉ። እኔ ግን ሳይንስን አሳልፎ መስጠት ከበደኝ። አንድ ቁራጭ በላሁ። የልብስ ሳሙና የነከስኩ መሰለኝ። ጣዕሙ ለየት ያለ እንጂ መጥፎ አይደለም ብዬ ሁለተኛ ደገምኩ። ሦስተኛውን ያነሳሁት አዳነች ስለምታየኝ ብቻ ነው።

አዳነች አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረብ አለችና እንዲህ አለችኝ፦

“ፈቀደ፣ እውነቱን ንገረኝ። ኬክ ጋግረህ ታውቃለህ?”

ስለ ኬክ ሊጥ አርባ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። መምህራኖቼ ፊት ቆሜ ተከራክሬበታለሁ። ያ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ሶዳ ግን ቀደመኝና አገሳሁ።

“አላውቅም” አልኳት። “እንቁላል እንኳ በሥርዓት ጠብሼ አላውቅም።”

አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ የቀረውንም ዘረገፍኩት። ከፊሩን የሰጡኝን አሮጊት ምክር እንዳልሰማሁ፣ እሳቸው ስለ ማሞቅ የሆነ ነገር ብለውኝ እንደነበር፣ “አድርግ” ይሁን “አታድርግ” እንዳላስታወስኩ ተናገርኩ። እትዬ የሺዓለም በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝ። ከዚያ ሌላ ከፊር የለህም ወይ አሉኝ። ጓሉን ትናንት ማታ አውጥቼ አዲስ ወተት ውስጥ ስለከተትኩት ቤት ሌላ እንዳለ ነገርኳቸው። ላኩኝ። በዶሮ ማነቂያ በኩል አቋርጬ እየሮጥኩ አመጣሁላቸው፤ ካፖርቱን እዚያው ረስቼው ነበርና እሸቴ ሳያውቀኝ አለፍኩ።

እሳቸው ወረቀትም እርሳስም አልፈለጉም። ጓሉን አስጠለሉኝ፤ የቀረውን በትንሽ ጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ደጋግመው ቀመሱ። ኮምጣጣነቱ ልክ ነው፣ ግን ይወፍራል፤ ይኼ አሬራ እንዲሆን ውኃ ይጎድለዋል አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ እያደረጉ ከማንኪያው እንደ አሬራ እስኪንጠባጠብ ድረስ አቀጠኑት። እሳት አላሳዩትም። ሶዳውን ሁልጊዜ በሚሰፍሩበት ማንኪያ ሰፈሩ፤ የአሬራውን ልክ ያህል ከፊር አደረጉ፤ መቱት። ምድጃው ፊት ቆመው ሲጠብቁ የእኔ ልብ ነበር የሚመታው።

ኬኩ ቀጥ ብሎ ተነሳና ባለበት ቆመ። ሲቆርሱት ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ የአሬራው ጭስ ጭስ የሚል ሽታ ግን የለውም። አዳነች ከአሬራው ይሻላል አለች። እናቷ በዚህ አልተስማሙም፤ ያለ ጭሱ ሙሉ አይሆንም፣ ግን ለእንግዳ ይቀርባል አሉ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ጋገርን። ጋገሩ ማለቴ ነው። የእኔ ሥራ ወተት ሰልፍ መቆም፣ ከፊሩን ማጥለልና ጓሉን መልሶ ወተት ውስጥ ማድረግ ነበር። እሑድ ክርስትናው ቤት ኬኩ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ ኬኩን አጣጥመው፣ ከሪማ ሳትኖር አሬራ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። እኔ ተነስቼ ልናገር ካፖርቴን ስቆልፍ እትዬ የሺዓለም ቀደሙኝ።

“ይኼ ልጅ አጠለለልኝ” አሉ።

ዲፕሎማዬ ላይ ከተጻፈው ሁሉ እውነትነት ያለው ማዕረግ ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ቁጭ አልኩ።

ከሪማ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስትመለስ ሥራዋን የቀማኋት መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። እትዬ የሺዓለም አንድ ብርጭቆ ከፊር ቀድተው ስሙን ሲነግሯት እጇን ሰበሰበች፤ ከፊር ያልነው እሷ ጆሮ ውስጥ ካፊር፣ ከሃዲ እንደማለት፣ ሆኖ ነበር የገባው። እንዳስረዳናት ቀመሰችና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወተቱን የምትሰለፉለት እስከ መቼ ነው አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሬራውንም ወተቱንም የምታመጣው እሷ ሆነች። እትዬ የሺዓለም በከፊሩ ዳቦ አቦኩበት፤ ጠንካራ ሥጋ ዘፈዝፈው አለሰለሱበት፤ በሻሽ ቋጥረው አንጠልጥለው ከእሱ አይብ አወጡ። እኔ ከአርባ ሁለቱ ገጾች አንዱም ላይ ያልጻፍኩትን ነው በየቀኑ የሚያደርጉት።

እኔም መጋገር ልማር አልኩ። አስተማሪዬ አዳነች ነበረች፤ ስታስተምር አትተነትንም፣ እጅን መታ ታደርጋለች። የገና ጾም ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ብቻዬን የጋገርኩትን አንድ ኬክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። አንድ ጎኑ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ቆርሳ ቀመሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ምንም ነገር ላለማብራራት ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

“ይበላል” አለች፤ ሁለተኛ ቁራጭ ለራሷ ቆረጠች።