«ደክሞኛል» ያለ ሰው

ልብስ ሰፊዋ የሰው ፊት ማንበብ አትችልም። ሐኪም «ኦቲዝም ነው» ያላት ካገባች በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዘመድ አዝማድ «ግግም» ሲላት ኖሯል። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። በተጋቡ ሰሞን አኩርፎ ቢሰነብት፣ እሷ ማኩረፉን እንኳ ሳታውቅለት ቀረች። አንጀቱ አርሮ ሲጮህባት፣ «ታዲያ ተናድጃለሁ አትልም? አፍ የለህም?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ውል ገቡ። እሱ የተሰማውን ገና ከበር ጀምሮ ይናገራል፤ እሷም የተነገራትን ታምናለች። «ተናድጃለሁ! ባንቺ አይደለም!» እያለ ደረጃውን ሲወጣ ጎረቤት በሳቅ ይሞታል። ይሳቃ! ስንቱ ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኖ እየኖረ አይደል እንዴ? «ደክሞኛል» ካለ ደግሞ ነገር አለቀ። መጋረጃ ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ ማንም አያናግረውም።

ታዲያ እናቱ ሞተች። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ይገባ ጀመር፤ «ደክሞኛል»። እሷም እንደ ውላቸው መጋረጃውን ትዘጋና በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ወራት እንዲህ አለፉ። እሷ ባሏን አሳረፍኩ ስትል፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ጣራ ጣራውን ሲያይ።

ዛሬ ታላቅ እህቱ ድንገት መጥታ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

«እኔ ዘንድ ትንሽ ቀን ይረፍ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ፊት ባታነብም ልብስ ታውቃለች። የብርድና የሙቀት ልብስ አንድ ላይ የሚታሸገው ለትንሽ ቀን አይደለም።

«ሊተወኝ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺስ መቼ ያዝሽው? እናቱ ሞታ አንድ ቀን አይዞህ ብለሽዋል? ወይ ልብ! ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል።»

«ደክሞኛል አለኝ እንጂ አዝኛለሁ አላለኝም።»

«ይሄ ይነገራል እንዴ?»

«እኛ ቤት ይነገራል።»

ባልየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀምሮ ትቶታል። «እታለም፣ አትቆጪያት» አለ። «እውነቷን ነው። ደክሞኛል ነው ያልኩት። አልዋሸሁም፤ ደክሞኛል።»

ሚስቱ ፊቱን አላየችም፤ ምን ሊረባት! ያየችው ወገቡን ነው። ይህን ሱሪ ሁለቴ አጥብባለታለች፤ አሁንም ቀበቶው ሥር ተሸብሽቧል። እንደ ደንበኛ ሱሪ አጠበበችው እንጂ ለምን ሰፋው ብላ አላሰበችም ነበር። ክው አለች።

«ስማ» አለችው፣ «የደከመው ሰው ሲተኛ ይሻለዋል። አንተ በተኛህ ቁጥር ትከሳለህ። ይሄ ድካም አይመስለኝም። አዝነህ ይሆን?»

«እኔ እንጃ» አለ። ያ ግዙፍ ሰውዬ በቀብሩ ዕለት ጠብታ እንባ ሳይወጣው ቀርቶ፣ ዛሬ የጫማውን ክር እንደያዘ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ለምን አልነገርከኝም? ውላችን ነበር እኮ!» አለች፤ ከልቧ ተቀይማለች።

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

እህቱ እንባዋን እየጠረገች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺስ?» አለቻት። «እናታችን እንደ ልጇ ነበር የምታይሽ።»

«እኔማ ደህና ነኝ። ብቻ ከቀብሩ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ እዚህ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይጫነኛል። ጨጓራ ነው። ኪኒን ጀምሬያለሁ።»

እህትና ወንድም ተያዩ። ባሏ ከነእንባው እጇን ያዘ።

«ጨጓራ አይደለም፣ የኔ ዓለም። እናቴ ናፍቃሽ ነው።»

ቆማ አሰበችበት፤ ብዙ አሰበችበት። እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ቢነግራት አታምንም፤ የባሏን ቃል ግን ታምናለች።

«ከመምጣቷ በፊት ትደውልልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ድንገት ሲመጣብኝ እንደምጨነቅ ታውቃለች። አሁን ሁሉም ሳይደውል ነው የሚመጣው።»

እህቱ ሻንጣውን ከአልጋው ላይ አወረደችና ተቀምጣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።