ዲናሞው ይጠምጠም ወይስ ይቀየር?

1.

ቆመች።

2.

እሺ፣ በደንብ ልጀምር። የቆመችው ፔጆ 404 ናት፤ ድሮ የድሬዳዋ ታክሲ የነበረች፣ ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ የበላው። የቆመችው ደቻቱ ድልድይ ላይ ነው፣ ያውም ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ባጃጆች ከኋላዋ ተደርድረው ክላክሳቸውን እያንባረቁባት። መሪውን የያዘችው እታገኝ ሽብሩ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ስትበራ «አቦ አሁንስ አበዛሽው!» እያለች በመዳፏ ስትሸፍናት ነው የሰነበተችው። መብራት በመዳፉ ሸፍኖ መኪና የዳነለት ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ባጃጅ ነጂዎቹ ወርደው ገፉላት። እየገፉ ሰደቧት፣ እየሰደቡ ሳቁ፤ ድሬ ነዋ! አንደኛው «አባቴ ሙሽራ ሆኖ የሄደው በዚች ነው፤ ምናለ ጡረታ ብታወጧት!» አለ። እታገኝም ሳቀች። ሆዷ ግን አልሳቀም፤ ችግሩ ዲናሞው መሆኑን አውቃለች።

3. ድምፁ

ዲናሞ ማለት ከሞተሩ ጋር እየዞረ ባትሪውን የሚሞላ ዕቃ ነው። የሌላ ሰው ዲናሞ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። የዚች መኪና ዲናሞ ግን ያለቅሳል። ቀጭን፣ ረጅም ልቅሶ፤ ማርሽ ሲቀየር ዝቅ ይልና እንደገና ይነሳል።

አባቷ ሽብሩ ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ይሄ ልቅሶ ከሰፈራቸው ከከዚራ ዛፎች ሥር ሲሰማ ቤቱ በሙሉ ይነቃነቃል። እናትየው ወጡን ትጥዳለች። እታገኝ ደብተሯን ወርውራ ትነሳለች። ከሳሎንም፣ ከጓሮም፣ ከጎረቤትም አንድ ቃል ይወጣል፦

«ሽብሩ መጣ!»

በሩን ቀድሞ የከፈተ ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ሐላዋ ያገኛል። የሚቀድመው ማን እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግም። አባቷ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እታገኝ!» ይላታል፣ ባሕር ተሻግሮ የከረመ ይመስል። ጠዋት ተያይተዋል እኮ!

ኧረ እንዴት ደስ ይል ነበር!

4. ስለ አንቱታ፣ ለሚቆጡኝ አንባቢዎች

ሽብሩን «እሳቸው» አላልኩም። ልክ ነው፣ ሸምግሏል። ግን የድሬ ልጅ ነው፤ አንቱ ስትሉት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ነው የሚያየው። ተዉኝ እንግዲህ።

5. ዛሬ

ዛሬ ሽብሩ ብዙ ነገር ረስቷል። በገዛ ሳሎኑ ተቀምጦ ሆስፒታል የተኛ ይመስለዋል። ቀን ቀን የምትጠብቀውን እህቱን ብዙነሽን ምግብ አብሳይ ናት ብሎ ይመርቃታል። ልጁን ደግሞ፦

«ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚያስወጣኝ?»

እታገኝ መጀመሪያ ሰሞን «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» ትለው ነበር። ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቃት፣ እንደ ባዕድ ሲሽቆጠቆጥላት፣ ተወችው። አሁን «ነገ ነው የሚያስወጣህ» ትለዋለች። ነገ ሲባል ደስ ይለዋል።

ከሥራ ስትመለስ ግን የፔጆዋ ልቅሶ ከዛፎቹ ሥር ሲነሳ፣ ሽብሩ ቀና ይላል።

«ሽብሩ መጣ!»

ራሱ ነው የሚለው። ራሱ ሽብሩ! ያን ሁሉ ዘመን ቤተሰቡ ሲጮኸው የኖረው ቃል ከምን ጉድጓድ እንደሚወጣለት እንጃ። ብድግ ይላል፣ ነጠላ ጫማውን አዟዙሮ ያደርጋል፣ መቀርቀሪያውን ይስባል፣ ከመኪናው የምትወርደውን ያያል።

«እታገኝ!»

ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ክንዷን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት እንዴት ነበር ይላታል። በረንዳው ላይ ሲቀመጥ እንደገና ሲስተር ትሆናለች።

ከበሩ እስከ በረንዳው። አባቷ የቀረላት እሱ ነው።

6. ጋራዥ ውስጥ የተባባሉት፣ እንዳለ

(ረመዳን የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው። ሽብሩን ከታክሲ ዘመኑ ጀምሮ ያውቀዋል። ዲናሞውን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል።)

ረመዳን፦ ተቃጥሏል። ሽቦውን እይው፣ ከሰል ሆኗል።

እታገኝ፦ አይድንም?

ረመዳን፦ ይድናል። ወይ ይጠመጠማል፤ አሮጌውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ እጠመጥምልሻለሁ። ወይ ይቀየራል፤ የቶዮታ ዲናሞ አለኝ፣ ማሰሪያውን አስተካክዬ አስርልሻለሁ።

እታገኝ፦ ድምፅ ያለው የትኛው ነው?

ረመዳን፦ ምን ያለው?

እታገኝ፦ ድምፅ። ልቅሶው።

ረመዳን፦ አቦ እታገኝ! እሱ እኮ በሽታው ነው። ዲናሞው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ነው የሚያለቅሰው። ሰው ድምፅ አጥፋልኝ ብሎ ይመጣል፣ አንቺ አትርፍልኝ ትያለሽ?

እታገኝ፦ ሽቦውን ጠምጥመህ ኩሽኔታውን ብትተወውስ?

ረመዳን፦ (ኩሽኔታውን በጣቱ እያዞረ) ይሄን?

እታገኝ፦ ረመዳን፣ ይቻላል ወይ?

ረመዳን፦ መቻልማ ይቻላል። ግን ያለቀ ኩሽኔታ አንድ ቀን ድርቅ ይላል። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ይበጥሳል፣ አዲሱን ጥምጥም ይበላል። የት እንደሚያቆምሽ አላህ ይወቅ። ሽብሩን ይዘሽ ሐኪም ቤት ስትሮጪ ቢሆንስ?

7.

ረመዳን ያላሰበበት ቦታ ነካት። በዚያ ሰሞን ሽብሩን ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ባጃጅ ቢጠራለት አልገባም አለ። የጎረቤት መኪና መጣ፣ በሩን ይዞ ታገለ፤ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ሰው መኪና ላይ ምን ልሠራ ነው አለ። ፔጆዋን ስታስነሳለት ነው እንደ ልጅ ሰተት ብሎ የገባው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

8. እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ልግባ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረመዳን አንድ ዘዴ እንዲያገኝ ፈልጌ ነበር። ድምፁም እንዲኖር፣ መኪናዋም እንዳትቆም። ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት። መኪና የሚያውቅ አንባቢ እንደሚስቅብኝ ገባኝና ተውኩት። ኩሽኔታ ወይ ያለቅሳል ወይ አያለቅስም።

9. ድምፁ

እታገኝ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ረመዳን ሻይ አስመጣላትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይሄን ኩሽኔታ በነፃ ልቀይርለት ብዬው ነበር እኮ» አለ። «ያኔ ለገሃር ባቡር ሲገባ ታክሲዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የጅቡቲ መንገደኛ በአቧራ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው፣ ‹የምታለቅሰዋ የታለች?› ይላሉ። ወላሂ! ሌላውን ሁሉ አልፈው ወደ ሽብሩ። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ልቀይርልህ ስለው እጄን መታኝ። ‹ተዋት ታልቅስ። እሷ እያለችልኝ የገዛ ቤቴን በር አንኳኩቼ አላውቅም› አለኝ።»

እታገኝ ሻይዋን እንደያዘች አለቀሰች። ዕንባዋን አልደበቀችም፣ ረመዳንም ፊቱን አላዞረም። ያ ጊዜ ናፈቃት። ሐላዋው ናፈቃት፣ እናቷ ናፈቀቻት፣ የባቡሩ ጩኸት ሳይቀር ናፈቃት። ከሁሉ በላይ ዛሬ ማታ በሩ ላይ የምትጠራበት ስሟ ናፈቃት፤ ገና ሳታጣው።

«ምን ልሥራ?» አለ ረመዳን።

10.

«ቀይረው።»

11.

ዝም።



መኪናዋ ተነሳች፤ ዝም።



በከዚራ ዛፎች ሥር አለፈች። እታገኝ ሰምታው የማታውቀውን ሁሉ ሰማች፤ የወንበሩን ሞላ፣ ጎማው ሥር የሚደቀውን ቅጠል፣ በረንዳ ላይ የሚያወሩ ሰዎችን ሳቅ። ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። መኪናዋ እንዲህ አምሮባት አታውቅም፣ እታገኝም እንዲህ ጠልታት አታውቅም።

12.

በሩ ጋ ደረሰች። ማንም አልተነሳም።

ክላክስ አደረገች። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ «ኧረ እንግዳ መጣ፣ ክፈቱለት» አለ፤ ከወንበሩ ሳይነሳ። የአክስቷ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። እታገኝ ከመኪናው ወርዳ ሮጠችና አፏን ወደ ቆርቆሮው በር ክፍተት አስጠጋች።

«አክስቴ፣ አትክፈቺ!»

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«በእናትሽ አትክፈቺ። ወደ ውስጥ ግቢ።»

ብዙነሽ እያጉረመረመች ተመለሰች። እታገኝም መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን አጠፋች፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደች፣ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ጥርሷን ገጥማ በአፍንጫዋ ጀመረችው።

እኝኝኝኝኝኝኝ…

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። የሚያልፍ ባጃጅ ቀስ አለና አያት። ጎረቤት አጥር ላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። የትልቅ ሴት ጉድ! ግን አላቆመችም። ማርሽ ሲቀየር እንደሚሆነው ዝቅ አደረገችው፣ እንደገና አነሳችው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። አየር ሳበች፣ ቀጠለች።

ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

ነጠላ ጫማ ተጎተተ።

መቀርቀሪያው ተሳበ። ሽብሩ በሩን ይዞ ቆመ። መኪናዋን አየ። ኮፈኑን አየ። ከዚያ መስኮቱ ውስጥ ያለችውን፣ አሁንም እንደ ዲናሞ የምታለቅሰውን ሴት አየና አንድ እርምጃ ቀርቦ አፉን ከፈተ።

13.

«                                        !»