ሼፉ ያልቀመሰው ማጥቀሻ

ሠላሳ ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት የኖረ ሰው አንድ ድስት ቺዝ ፊት ቆሞ ላብ ሲያጠምቀው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሼፉን የገጠመው ይኸው ነው። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ሰፈሩም ቤተሰቡም ዛሬም "ሼፉ" ነው የሚለው። ልጁ የልብስ ስፌት ሱቋን የምትከፍተው በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንግዶቿ ዳቦና ካሮት እያጠቀሱ የሚበሉትን የቺዝ ማጥቀሻ "የአባዬ ካልሆነ አይሆንም" ብላ ለአርባ ሰው አውርታለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከሦስት ወር በፊት የያዘው ጉንፋን ሲለቀው ጣዕሙንም ሽታውንም ይዞበት ሄዷል። ጨውና ስኳር አይለይም። ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ሼፍ ምላሱን አጣ ከሚባል እግሩን አጣ ቢባል ይመርጣል፤ እንዲህ ያለ ኩሩ ነው! እስካሁን ጨውና ቅመሙን እጁ በለመደው ልክ እየበተነ እንደምንም ተወጣው።

የዛሬውን ግን የለመደ እጅ አላዳነውም። ሁልጊዜ የሚገዛው ቺዝ አልቆ ባለሱቁ ሌላ ዓይነት ሰጠው። ፈቅፍቆ፣ ከወተትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አቅልጦ፣ የለመደውን ጨው ከነሰነሰ በኋላ ነው ማሸጊያው ላይ "ጨዋማ" የሚለውን ያነበበው። ቀመሰ። እንደ ውሃ! ደግሞ ቀመሰ። እንደ ውሃ!

የሚስቱን እናት ጠራ። እማማ አንድ ማንኪያ ቀምሰው "ግሩም ነው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" አሉና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አከታትለው ጠጡ። እማማ ለምርቃት እንጂ ለምስክርነት አይሆኑም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። እውነቱን ፊት ለፊት የምታፈርጥ አንድ ሰው ብቻ አለች፤ ፎቅ ላይ የምትኖረው ታላቅ እህቱ። የእትዬ ምላስ ምላጭ ነው። ከተኳረፉ ደግሞ ሁለት ወር አልፏቸዋል። በሰው ፊት "ሾርባህ ጨው ብቻ ነው" ብትለው፣ "አንቺ ስለ ምግብ ምን ታውቂያለሽ!" ብሎ ነበር የመለሰላት። መቼም ኩራት እራት ነው ይባላል፤ ለአርባ እንግዳ ግን አይበቃም። ድስቱን በፎጣ ይዞ ደረጃውን ወጣ።

እትዬ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ዛሬ ደግሞ መንገድ ተሳስተህ ነው?"

"እትዬ፣ ቅመሽልኝ።"

"እኔ ስለ ምግብ ምን አውቄ?"

"ተይ በናትሽ! ምላሴ ሞቷል። ሦስት ወሩ ነው፣ ምንም አይሰማኝም። የሾርባውም… ልክ ነበርሽ።"

ይህን ብሎ ድስቱን ዘረጋላት። አፈረ፤ ቀለለውም።

 እትዬ ማንኪያ አምጥታ ቀመሰች።

"ኧረ ጉድ! ይሄ ለእንግዳ ነው ለከብት? እርጎ አለኝ፣ ግባና ምድጃው ላይ ጣደው። ሎሚ ጭመቅ። እሳቱን ቀንስ እንጂ፣ ሊጓጉል ነው!"

"ይህንን እንኳ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"ያስተማርከኝንማ ነው የምነግርህ!"

እሱ ያማስላል፣ እሷ ትቀምሳለች። "ገና… ገና… ትንሽ እርጎ… በቃ!" በእርጎው በዝቶ አንዱ ድስት ሁለት ሆነ።

ድስቶቹን ተጋግዘው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ደረሱ፤ እንግዳውም ማጥቀሻው ላይ ተረባረበ። ልጁ አንገቷ ላይ ሜትር እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች። "አባዬ፣ እንደ ድሮህ ነህ!" አለችው። ሼፉ ወደ እህቱ ቢዞር፣ እትዬ "ዝም በል" ብላ ከንፈሯን ነክሳለታለች። ያቺ ምላጭ ምላስ ምስጢር ልትይዝለት!

"የአክስትሽ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "እኔ ጣዕም ካጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ያማሰልኩት እኔ፣ የቀመሰችው እሷ።"

ልጁ እጁን ያዘችው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን?" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እትዬ ግን ለልቅሶ ጊዜ የላትም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፣ ዳቦ አጥቅሳም እጁ ላይ አኖረችለት።

"አላምጥ፣ እኔ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ይመጣል፤ ጨዋ ነው፣ አይጮህም። ቀጥሎ ሎሚው ጉንጭህን ቆንጠጥ ያደርግሃል። ቺዙ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ቶሎ አይሄድም።"

ሼፉ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። ከሦስት ወር ወዲህ ምግብ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

"በካሮትስ?" አላት።

እትዬ ካሮት አነሳች።