ወረቀት የለበሰችው ልጅ

«ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ እሱ ግን ከእናቱ ማህፀን ይዞት የወጣ ያህል ይኮራበታል። በሙያው ጥርስ ሠሪ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አገጭ ሲለካ፣ ሰም ሲቀርጽ፣ አርቴፊሻል ድድ ሲሞርድ ኖሯል። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀው ሰው ግን ስለ ጥርስ ትንፍሽ አይልም። «የሶል ሸክላ እሰበስባለሁ» ነው መልሱ፤ ሶል የሚባለውን የባሕር ማዶ ዘፈን ማለቱ ነው፤ ያውም ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ። ጠያቂው ተሳስቶ «ሶል ደግሞ ምንድን ነው?» ካለ አለቀለት፤ የዚያን ቀን ምሳውን በሰዓቱ አይበላም።

ሸክላ መዞር ሲጀምር፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት፣ መርፌው ከሚያሰማው ኮሽታ ብቻ በየትኛው ማተሚያ ቤት፣ በየትኛው ዓመት እንደታተመ እነግራችኋለሁ ባይ ነው። አንዳንዴ ልክ ይመጣል። ልክ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ስህተቱ የአታሚው ነው። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሦስቴ ስትጠራው ግን ይኸው ጆሮ አንዱንም አይሰማም።

ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ የውጭ አገር ጥሪ ስታገናኝ፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ ለቃቅማለች፤ የደዋዩንም ማንነት ገና «ሃሎ» ሲል ትለየው ነበር። ይህንን እንደ ችሎታ የቆጠረላት ሰው የለም፤ ሥራዋ ነበራ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጆሮ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ፋርማሲስቱ፣ ሦስተኛው ጡረተኛው የሂሳብ መምህር። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። በሩ ላይ በጆሮ የእጅ ጽሑፍ «አይነካም። አይወራም። ቀስ ተብሎ ይረገጥ።» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወንበሩ ሦስት ብቻ ነው። ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች እኩል ርቀት ላይ፣ ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ያለው የጆሮ ወንበር ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ አይቀመጥም። ሚስቱ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። አራተኛ ወንበር ይጨመር ያለ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም።

እነዚህ ሸክላ ሰብሳቢዎች የሚባሉ ፍጥረቶች አንድ ልማድ አላቸው። ሌላው ሰው ያላገኘው ሸክላ እጃቸው ከገባ፣ መሃሉ ላይ የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርዕስ የታተመበትን ክብ ምልክት በወረቀት ይለጥፉበታል። ተቀናቃኝ ስሙን አንብቦ ሄዶ እንዳይፈልግ ነው። ጠላት ዜማውን ይስማ፣ ይቅና፣ ይረር፤ ስሙን ግን አያገኝም። የጆሮ ቤት ንግሥትም እንዲህ ያለች ወረቀት የለበሰች ትንሽ ሸክላ ነበረች። ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት ከአንድ በሽተኛ ሽማግሌ ሰብሳቢ ሲረከባት ቡናማው ወረቀት ቀድሞ ተለጥፎባት ነበር። ሽማግሌው በሳምንቱ ስሙን ይዞ ሞተ።

ጆሮ ያን ጊዜ «ስሟን አላውቀውም» ቢል ምን ነበረበት? አላለም። ጓደኞቹ ፊት ቆሞ፣ «አውቀዋለሁ፤ ግን ለሟቹ ምዬለታለሁ» አለ። ውሸቷ ያን ጊዜ የጥፍር ያህል ነበረች።

ዘፈኑ ፈጣን ነው። ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ፣ ባቡር እንዳመለጠው ሰው እየተጣደፈ፣ ቃላቱን እርስ በእርስ እያጋጨ ይሮጣል። «ልጅቷ» አሏት። አስራ ስምንት ዓመት ስለ ልጅቷ ተከራከሩ። መምህሩ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው ይላል። ፋርማሲስቱ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ናት፣ አተነፋፈሷም አስም እንዳለባት ያሳያል ብሎ የሚስማማትን መድኃኒት ሳይቀር ይጠራል። ጆሮ «የልጅቷ ትንፋሽ» የሚል ባለ ዘጠኝ ገጽ ጥናት ጽፎ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ አንብቧል። የመምህሩ ግን ባሰ። ዘመድ አዝማድ እንዲያገባ ሲወተውተው «እንደሷ ያለች ካገኘሁ» እያለ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞላው። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጽፎላት፣ ጆሮም «በሟቹ ዘመዶች በኩል አደርስልሃለሁ» ብሎ ተቀብሎታል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የሰም መቅረጫዎቹ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገር የፈላው በአንዱ ቅዳሜ ነው። ፋርማሲስቱ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «ሁለተኛዋን አገኘኋት» አለ።

«ማንን?» አለ መምህሩ።

«ልጅቷን። ሌላ ቅጂ። ወረቀት የሌለበት።» ከዚያ ወደ ጆሮ ዞረ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። አንተ መጀመሪያ ስሙን ጽፈህ በፖስታ ታሽጋለህ፤ ከዚያ እናስተያያለን። ሌላው ሰው ካገኘው መሐላህም ይፈታል አይደል?»

ጆሮ ክው አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፈገግታው ግን ልኩ ሳይወሰድ እንደተሠራ ጥርስ አልገጥም አለው። «በደስታ» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሥራ ቦታውን በር ከውስጥ ቆልፎ ውሃ አፈላ። ሸክላው እንዳይጣመም ከእንፋሎቱ ራቅ አድርጎ፣ በሰም መቅረጫዋ ቀጭን ቢላ የወረቀቱን ጠርዝ ተራ በተራ አነሳ። አስራ ስምንት ዓመት ያልወጣ ላብ በግንባሩ ወረደ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተላቀቀ። ጆሮ መነጽሩን ጠርጎ አነበበ፤ ደግሞ ጠርጎ አነበበ።

የወንድ ስም ነው። እናት ለሴት ልጅ ልታወጣው ቀርቶ ልታስበው የማትችለው፣ ጢም ያበቀለ የወንድ ስም። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ቁጥር ሠላሳ ሦስት ይላል።

የሸክላ ማጫወቻ ጎኑ ላይ የፍጥነት ቁልፍ አለው። ትንንሽ ሸክላ በአርባ አምስት ቁጥር ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ ትልልቁ በሠላሳ ሦስት ቀስ ብሎ። አልፎ አልፎ ግን በሠላሳ ሦስት እንዲዞሩ የታተሙ ትንንሽ ሸክላዎች አሉ። ይህን ጀማሪ ላያውቅ ይችላል፤ ጆሮ ግን ያውቃል፣ እንዲያውም በዚሁ ጉዳይ ንግግር አድርጓል። ለማንኛውም ወደ ቤቱ በረረ። ሚስቱ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ቁልፉን ወደ ሠላሳ ሦስት ገፍቶ መርፌውን አስቀመጠ። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ጎልማሳ ድምፅ ከማጉያው ወጣ። ጆሮ አምስት ቃል ሳይሰማ መርፌውን አነሳው። ልጅቷ ሞተች። እንዲያውም ተወልዳ አታውቅም።

ቁጭ ብሎ አሰበ። የተሳሳተ ስም ቢጽፍ፣ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ አውቃለሁ ሲል እንደኖረ ይጋለጣል። ትክክለኛውን ስም ቢጽፍ ደግሞ፣ ወንድ መሆኑን እያወቀ በተሳሳተ ፍጥነት እያጫወተ ስለ ልጅቷ ትንፋሽ ዘጠኝ ገጽ ጽፏል ማለት ነው። በዚህም በዚያም ጆሮ የሚለው ስሙ ሊሄድ ነው። ያለዚያ ስም ደግሞ ማን ነው? ሌላ ሰው የሚያላምጥበትን ጥርስ የሚሠራ ሰውዬ ነው፤ ለሱ ይህ ከሞት እኩል ነበር። ወረቀቱን መልሶ ለጠፈና እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ቅዳሜ ፋርማሲስቱ ክራቫት አስሮ መጣ። ሸክላውን ከቆዳ ቦርሳው በሁለት ጣቱ አወጣና ምልክቱን በመዳፉ ሸፈነ። ጆሮ ጽፎ ያሸገውን ፖስታ ሰጠው። ፋርማሲስቱ ቀደደው፣ አነበበ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጆሮ ስሙን አያውቀውም ብሎ ነበር ድግሱን የደገሰው።

«ልክ ነው» አለ ምርር ብሎ። ወዲያው ግን ዓይኑ በራ። «ስሙን ካወቅህ ግን፣ ወንድ መሆኑንም ታውቅ ነበራ!»

«ማነው ወንድ?» አለ መምህሩ።

«ልጅቷ።»

መምህሩ ሸክላውን ተቀብሎ አነበበ። ቁጥሩንም አየ። የሂሳብ ሰው ስለሆነ ማንም ሳያስረዳው ገባው። ጆሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ስፈትናችሁ ነበር።»

«አስራ ስምንት ዓመት?»

«ጆሮ በአንድ ቀን አይፈተንም።»

«ደብዳቤዬንስ?» አለ መምህሩ። «እያወቅህ ነው እንደዚያ በሁለት እጅህ የተቀበልከኝ? በበዓል ቀን ብቻዬን ምሳ ስበላ እያወቅህ ነው?»

ጆሮ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አላሰበበትም ነበር። «አላውቅም ነበር» ቢል ሁሉም ነገር በዚያች ሰዓት ያልቃል፤ የድሮ ጓደኛውም ይቅር ይለው ነበር። ሊለውም አፉን ከፈተ። ከዚያ ስሙ ትዝ አለው። ጆሮ የሌለው ከሚባል ልብ የሌለው ቢባል ይሻለዋል።

«እያወቅሁ ነው» አለ።

መምህሩ ብድግ አለ። ኮቱን መፈለግ ጀመረ። ፋርማሲስቱ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጦ፣ ቁልፉን ወደ ሠላሳ ሦስት ገፍቶ መርፌውን ጣለ። ያ ወፍራም ድምፅ፣ አልጣደፍም ያለው ድምፅ፣ ክፍሉን ሞላው። መካድ አይቻልም፤ ያምር ነበር። ልጅቷ በሕይወት ዘመኗ እንዲህ ዘፍና አታውቅም።

በሩ ተከፈተና ሚስት ትሪ ይዛ ገባች። ደፉ ላይ ቆም ብላ ፊቷ ፈካ።

«እሰይ! ዛሬ ደግሞ ሰውዬውን አመጣችሁት?»

«የቱን ሰውዬ?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ይሄንን ነዋ። የማክሰኞውን።» ትሪውን እንደያዘች በአገጯ ወደ ማጫወቻው ጠቆመች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ልብስ ስተኩስ አብሮኝ ነው።»

ጆሮ አንዳንድ ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ማጫወቻው ለብ ብሎ ያገኘው ነበር። የመስኮቱ ፀሐይ ነው ብሎ መጋረጃ አሠርቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?» አለ መምህሩ፤ ኮቱ አንድ ክንዱ ላይ ቀርቷል።

«ኧረ አስራ ሁለት ዓመት አልፎታል። አቧራ ስጠርግ ጨርቁ ቁልፉን ገፋው መሰለኝ፣ ያቺ ለፍላፊ ልጅ ሰው ሆና መጣች። ስጨርስ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። አይነካም ይላላ!»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«እናንተ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ? ለሱ ግን ያኔውኑ ነግሬዋለሁ። ‹አንተ፣ ያቺ ልጅህ እኮ ወንድ ናት፤ እኔ ድምፅ አይጠፋኝም› አልኩት።»

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ተነሳ። «እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹ዜማውን ለሚያውቀው ተዪለት፣ ሽንኩርቱ እንዳያርብሽ› አለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ፋርማሲስቱ ለመሳቅ አስቦ ነበር፤ የአስሙ ነገር ትዝ ሲለው ተወው። መምህሩ ጆሮ ምንም ሳያውቅ እንደኖረ ገባውና ቀና ብሎ አየው። በዓይኑ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ከንዴት የከፋ ነገር ነበር። ስሙን ለማዳን ብሎ ክፉ መሆንን የመረጠ ሰው፣ ክፋቱም ስሙም በሻይ ሰዓት ሲጠፉበት እያየ ነበር። ጆሮ ያፈረው በዚያች ደቂቃ ነው፤ የምሩን አፈረ። በዚያ ላይ ቀናም፤ አስራ ሁለት ዓመት ቤቱ ውስጥ ወንድ ሲገባና ሲወጣ ሳይሰማ የኖረ ባል አይቀናም?

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቃሉን ማለቴ ነው። እትዬ ቋንቋውን ያውቁታል።» በአርባ አምስት ፍጥነት ማንም አንድ መስመር ይዞ አያውቅም።

«ሚስቱን ነው የሚያናግራት» አለች። የዘፈኑን እግር እየተከተለች፣ ለደዋይ እንደምታስተረጉም ሆና ቀጠለች። «ቀኑን ሙሉ ስትንጎዳጎጂ ዋልሽ ይላታል። እቃው ይቆይ። ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ ድምፅሽን ሳልሰማው ዋልኩ፣ ይላታል። ይኸው ነው። ደጋግሞ ይኸንኑ ነው የሚለው።»

ሦስቱም ሳሎኑን አዩት። ሦስት ወንበር። ሴትየዋ ትሪውን ይዛ እንደቆመች ናት።

ጆሮ ከኖራው ምልክት ላይ ተነሳ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ወንበሩን በእጁ አራግፎ ወደሷ ገፋ አደረገው።

«ቁጭ በይ፣ እናቷ» አለ።

እሷ ወንበሩን አየችው፤ እሱንም አየችው። ትሪውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች።

«እኔስ ቆሜ ነው የለመድኩት» አለች። «ዝም በሉና ልስማበት።»