የተጨመረው ስምንት ዓመት

ሻከድ የሠራተኛ አስተዳደሩን በር ሳታንኳኳ ገፋችው።

"ገና አልጠራኋችሁም" አለች የአስተዳደሩ ሠራተኛ ፕኒና፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

"እናውቃለን። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። እስክትጠሪን አያቴ የምር ጡረታ ትወጣለች።"

እታገኝ የልጅ ልጇን ክንድ ከኋላ ቆነጠጠቻት። ዕብራይስጡ ገብቷታል፤ ያሳፈራት ድፍረቱ ነው። ከምድር ቤቱ መዝገብ ቤት በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ጋዋኗን አላወለቀችም፣ እጅጌው ላይ የፋይል አቧራ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ ጎዳና ወረድ ብሎ ባለው በዚህ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለቀቀ። ቦታው ለውድድር ወጣ፤ ማመልከቻ የሚቀበሉት ዛሬ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። እታገኝ በዚያ ምድር ቤት ሃያ አራት ዓመት ፋይል የተጫነ ጋሪ ገፍታለች። የትኛው ፋይል የት እንዳለ መብራት ጠፍቶም ታውቀዋለች። ሌላዋ አመልካች ሻሪት ግን ሥራውን ከእሷ መማር ከጀመረች ገና አራት ዓመቷ ነው። ቢሆንም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ለጡረታ ከአምስት ዓመት በታች የቀረው ሰው ኃላፊ አይሆንም ይላል። ጡረታው በስልሳ ሰባት ነው። በመታወቂያዋ እታገኝ ስልሳ ሦስት ናት፣ በእውነቱ ደግሞ ሃምሳ አምስት።

ሻከድ ይህን ስትሰማ ምንም አልገረማትም። ሰፈሯ ቃታሞኒም ውስጥ ዕድሜው ልክ የሆነ ሽማግሌ አይታ አታውቅም። ግማሹ ሰፈር የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው፤ መዝጋቢ ጸሐፊዎቹ ሲቸኩሉ የጻፉት ነው። አያቷን የጎተጎተቻት እሷ ናት፣ ቅጹንም የሞላችው እሷ። ከመንደራቸው የመጡትን አባ ዘመነን "ከመጀመሪያ ልጄ ጋር በአንድ ክረምት ነው የተወለደችው" አሰኝታ አስፈርማለች። እታገኝ ሦስት ሳምንት እምቢ ብላ በአራተኛው እሺ አለች። ጉልበቷ አልቋል፤ የኃላፊው ሥራ ደግሞ ወንበር አለው።

ፕኒና ወረቀቱን አነበበች። "ጥሩ ምስክር ነው። ከሕዝብ መዝገቡ ጋር ላስተያየው።"

ማተሚያው አንድ ገጽ ተፋ። ፕኒና ጣቷን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው አወረደች። ካልኩሌተር አውጥታ መታች፤ እንደገና መታች።

"አቪአድ ልጅሽ ነው?"

"አባቴ ነው" አለች ሻከድ ቀድማ። "ራሰ በራ፣ ጭቅጭቃም። ምን አደረገ?"

"አርባ አራት ዓመቱ ነው። አያትሽ ሃምሳ አምስት ከሆነች በአሥራ አንድ ዓመቷ ወለደችው ማለት ነው።"

ሻከድ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ዘወር ስትል ግን እታገኝ ወለሉን ነው የምታየው።

"ሳፍታ?" ብላ አያቷን በዕብራይስጥ ጠራቻት። "የአባቴም ዕድሜ ተሳስቷል፣ አይደል? ይንገሯት እንጂ።"

"የእሱስ ልክ ነው" አለች እታገኝ በአማርኛ።

"እንዴት ልክ ይሆናል? በአሥራ አንድ ዓመት ሰው ይወልዳል እንዴ? እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ጫማዬን እንኳ በወጉ አላስርም ነበር!"

"አልወለድሁትም።"

ሻከድ ፕኒና ፊት ወዳለው ገጽ ጎንበስ አለች።

"አባቴ መንገድ ላይ ሞተ፣ እናቴ ሱዳን ከደረስን በኋላ። ያኔ አባትሽ ሦስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አራት። ለጉዞው ስም የሚጽፈው ሰውዬ ወላጅ የሌላቸውን ለየብቻ ነው የሚወስዷቸው አለኝ። ልጄ ነው አልሁት። 'አንች ራስሽ ልጅ አይደለሽ?' ብሎ ሳቀ። ኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ስምንት ዓመት ጨመረልኝ።"

"ታዲያ አባቴ..."

"ወንድሜ ነው።"

"ያውቃል?"

"ማን ነግሮት? በየዓመቱ ሄርዝል ተራራ፣ በሱዳን መንገድ ላለቁት በተሠራው መታሰቢያ ላይ ቆሞ አያቶቼ እያለ የሚያለቅስላቸው እናትና አባቱ ናቸው። ዘንድሮ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ዓመቱ ያልፋል።"

"አባ ዘመነስ?"

"እሳቸው ያውቃሉ። ከመፈረማቸው በፊት ብዕሩን ሁለት ጊዜ መልሰው እንዳስቀመጡት አላየሽም?"

ሻከድ አይታለች። እርጅና መስሏት ነበር።

"ያችን ወንበር ፈለግኋት" አለች እታገኝ። "የእኔንና የእሱን መስመር ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።"

ፕኒና ሰዓቷን አየች። "ምን አለች? ስህተት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ። የልጁ መዝገብ መስተካከል ካለበት ለሕዝብ መዝገብ እጽፋለሁ። ለእሱም ደብዳቤ ይደርሰዋል።"

"ንገሪያት" አለች እታገኝ፣ አሁንም በአማርኛ። "ሃያ አራት ዓመት ነው የገፋሁት። እውነቱን ንገሪያትና የመጣው ይምጣ።"

አባቷ በዚህ ሰዓት ታልፒዮት ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሟል። ሻከድ ፖስታውን በቅባታም እጁ ሲከፍተው ታያት። ረጅም ደብዳቤ አንብቦ አይጨርስም፤ እሷን ነው አንብቢልኝ የሚላት።

"ተሳስተናል ነው የምትለው" አለች በዕብራይስጥ። "ምስክሩ አርጅተዋል፣ ሌላ ልጅ ነው ያስታወሱት። ስልሳ ሦስት ናት።"

ፕኒና ወደ እታገኝ ዞረች። "እውነት ነው?"

እታገኝ አንድም ቃል አላመለጣትም። ሻከድም ይህን ታውቃለች። አንድ ቃል ብቻ፣ "ውሸት ነው" ብትል፣ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ልጅቷ እንድትልም እንዳትልም ልትለምናት ፈለገች። በመጨረሻ አንዱንም አልለመነችም፤ ጥፍሯን ነከሰች።

እታገኝ የሻከድን ፊት አየችው፤ ረጅም ጊዜ። ግንባሩ ሱዳን የቀረችው እናቷ ግንባር ነው፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ፕኒና "ከሆነ እዚህ ፈርሚ" ብላ ቅጹን ገፋችላትና ወንበር አሳየቻት። አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ ብዕሩን አነሳችና "ስልሳ ሦስት" አለች በዕብራይስጥ፣ ማመልከቻዬን ትቻለሁ ከሚለው መስመር ሥር እየፈረመች።