ደም በድኩሎቹ ደን

ፈንታነሽ ከጅዳ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት አጥር ያልወጣች ናትና፣ ወንድሟ አንዷለም «ነይ፣ ዓይንሽ ዛፍና ውኃ ይይ» ብሎ ከደብረ ታቦር ይዟት ወረደ። ጣና ዳር ባለው የገዳም ደን ውስጥ ድኩሎች ሰው አይሸሹም ይባላል።

እውነትም አልሸሹም። የደኑ ጠባቂ መነኩሴ አባ ይሻው እፍኟን ንፍሮ ሞልተው «ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ልጄ» አሏት። ከቁጥቋጦው አንዲት ድኩላ ግልገሏን አስከትላ ወጣች። እርጥብ አፍንጫዋን የፈንታነሽ መዳፍ ላይ አሳርፋ መብላት ስትጀምር ፈንታነሽ ሳቀች፤ የገዛ ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ወዲያው ሁለት ውሾች ከደኑ ተወርውረው ወጡ። አንዱ እናቲቱን ጉሮሮዋን ይዞ ጣላት፤ ሌላው ሆዷን ዘነጠለው። ግልገሉ ወደ ጫካው ተፈተለከ። ከውሾቹ ኋላ ክላሽ ያነገተ ሰው መጣ፤ ጌጡ የሚባል፣ አገሬው ሁሉ የሚፈራው አዳኝ ነው።

«ጌጡ! ስለ ታቦቱ ብለህ ውሾችህን ያዝ!» አሉ አባ ይሻው።

«አባ፣ አንቱ ጸሎትዎን ያድርጉ። ሥጋ ሥጋ ነው።»

ፈንታነሽ የመነኩሴውን ዱላ ነጥቃ የአንደኛውን ውሻ ወገብ ሰበረችው። ጌጡ ክላሹን አዙሮ በሰደፉ አፏን መታት። ሁለት ጥርሷ ከደም ጋር መሬት ወደቀ። ጅዳ እያለች አሠሪዋ በካውያ ክንዷን ስታቃጥላት «እሺ» ብላ አጎንብሳ ነበር። ዛሬ አላጎነበሰችም፤ ዱላውን በጌጡ ክንድ ላይ አሳረፈችው። አንዷለም ሊያንቀው ሲዘል ጌጡ ተኮሰ። ጥይቱ የአንዷለምን የጆሮ ጫፍ ቆርጦ አለፈ።

በዚህ መሃል ሁለተኛው ውሻ አንድ ወንድ ድኩላ ከጥሻ አስወጥቶ ወደ እነሱ ያባርረው ነበር። ድኩላው መውጫ ሲያጣ ቀንዱን ዘቅዝቆ ፊቱ የቆመውን ጌጡን ጭኑ ላይ ወጋውና በላዩ ዘሎ ጠፋ። ጌጡ ክላሹን ጥሎ እየጮኸ ወደቀ። ደሙ እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

አንዷለም መሣሪያውን አንሥቶ ደገነበት።

«ተው!» አለች ፈንታነሽ በደም በተሞላ አፏ።

«ይሙት እንጂ! ምን አድርጎሽ እንደሆነ አላየሽም?»

«ይሙት፣ እኔም እላለሁ! ግን ክላሹ በእጅህ፣ እሱ እግርህ ሥር ሞቶ ቢገኝ ወንድሞቹ ድኩላ ገደለው ይላሉ? እኔ ስድስት ዓመት የተቃጠልኩት አንተን ለደመኛ ለመስጠት ነው?»

አንዷለም ክላሹን ለአባ ይሻው ሰጠ። እሷ ነጠላዋን ቀድዳ የጌጡን ጭን አጥብቃ አሰረች። ሲያቃስት አላዘነችለትም፤ እንዲያውም ቋጠሮውን ስታከር ጉልበቷን ደረቱ ላይ ተከለችው። በጀልባ ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት።

ጌጡ አልሞተም፤ ግን አንካሳ ሆኖ ቀረ። በወሩ ሽማግሎች ለይቅርታ ድንጋይ አሸክመው ደብረ ታቦር ድረስ እነ ፈንታነሽ ደጅ አመጡት።

«ማሩኝ» አለ መሬት እያየ።

«ይማርህ» አለ አንዷለም።

ሽማግሎቹ ወደ ፈንታነሽ ዞሩ።

«እኔ ገና ነኝ፣ አባቶቼ» አለቻቸው። «ድንጋዩን ግን ያውርድ። ግቡና አረፍ በሉ።»